ሙለታ የቀባቸው ድንጋዮች

አምቦ ውስጥ ሙለታን ነገር የሚጠይቅ እንግዳ ብቻ ነው። የአገሩ ሰው አይሞክረውም። ሙለታ ጥያቄ ሲቀርብለት ከብስክሌቱ ሳይወርድ አንድ እግሩን መሬት ያስነካል፤ ጠያቂውን ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ጠጉሩ ይመዝነዋል፤ ከዚያ ቅንድቡን ሰቅሎ "ታየዋለህ" ይለውና ፔዳሉን ረግጦ ይሄዳል። የጌዶ አውቶብስ መጣ ወይ ብላ የጠየቀችውን፣ ሆዷ አፍንጫዋ ጋ የደረሰ ነፍሰ ጡር እንኳን "ታዪዋለሽ" ብሏት ያለፈ ሰው ነው። ያቺ ሴትዮ አውቶብሱን ትየው አትየው እግዜር ይወቅ።

ክፉ ሰው አይደለም፣ አመሉ ነው እያሉ የሚሟገቱለት አሉ። ብዙ አይደሉም፤ ሁለት ናቸው። አንዷ ታላቅ እህቱ ጉዴ ናት፣ ሌላው ራሱ ሙለታ ነው።

የተወለደው ሶዮማ ነው። ሶዮማ ማለት ለገ ኤላ የሚባለው ወንዝ ጫካውን ሰንጥቆ በሚወርድበት ሸለቆ ውስጥ ያለች፣ ካርታ ላይ ቢፈልጓት የማትገኝ መንደር ናት። እናታቸው ስትሞት ሙለታ ገና ጡት አልጣለም ነበር። ጉዴ እሱን አዝላ ውሃ ቀዳች፣ እሱን አዝላ እንጨት ለቀመች፤ ለትምህርት ሲደርስም እንጨቱን አምቦ አውጥታ እየሸጠች ደብተር ገዛችለት። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። እሱ ስምንተኛ ክፍል ሲገባ እሷኑ መልሶ "አንቺ ምን ታውቂያለሽ" ማለት ጀመረ። ከትምህርቱ በደንብ የያዘው ይህንኑ ነው።

ቀጥሎ የጤና ተላላኪ ሆኖ ተቀጠረ። ጥቁር የቻይና ብስክሌት ሰጡት፤ ከኋላው የክትባት ሣጥን አስሮ ከጉደር ጀምሮ እስከ ጎጆ ከተማ ዳገት ግርጌ ያለውን ፒስታና የእግር መንገድ ሁሉ ሲረግጥ ኖረ። መቼም እውነት እውነት ነው፤ ሥራውን አላጓደለም። ክትባቱ ሳይሞቅ ይደርሳል፣ ሕፃናቱም ይወጋሉ። ግን ሣጥኑን አውርዶ ቆሞ ሳለ እናቶቹ "ይሄ የምን መርፌ ነው?" ሲሉት ያችኑ የለመዳትን መልስ ነው የሚወረውርላቸው። እነሱም ልጆቻቸውን እንዳቀፉ ለማያውቁት መርፌ ይሰለፉ ነበር፤ ምን ያድርጉ።

ስለ ብስክሌት ከተነሳ ግን አፉ ይፈታል። በወጣትነቱ፣ በአንድ የበዓል ቀን አምቦ ላይ በተደረገ ውድድር ሁለተኛ ወጥቻለሁ ይላል። ወጥቷልም። የተወዳደሩት ሦስት እንደነበሩ፣ የሦስተኛውም ጎማ መንገድ ላይ እንደፈነዳ አይናገርም። የዚያን ቀን የለበሳት አረንጓዴ ካናቴራ እንደ ቅርስ ተጣጥፋ ሣጥኑ ውስጥ ትኖራለች።

በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት መሥሪያ ቤቱ ሞተር ብስክሌት አመጣና ለወጣቶቹ አደለ። ሙለታ "ሞተር ላይ መቀመጥና ወንበር ላይ መቀመጥ አንድ ነው፣ የሽማግሌ ነገር" ብሎ አፍንጫውን ነፋ። አለቆቹ ቃሉን አክብረው ወንበር ላይ አስቀመጡት፤ የመጋዘን ጠባቂ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የሚያልፈውን ባጃጅ፣ የሚያልፈውን ሞተር፣ በእግሩ የሚያልፈውንም ሰው ከመጤፍ አይቆጥርም። ጡረታ ሲወጣ ንቀቱ አብሮት ጡረታ ይወጣል ብለን ነበር፤ ጭራሽ የሙሉ ጊዜ ሥራው ሆነ።

ያ ዓመት ሌላም ነገር ነበረው። የመሬት ነገር ስንቱን ቤት ያስለቀሰበት ዓመት ነው፤ እሱን በቀልድ የሚያነሳ ሰው እኔ አልሆንም። ለዚህ ታሪክ የሚያስፈልገን ቀይ ቀለሙ ብቻ ነው። ከተማ ሲሰፋ፣ መንገድ ሲዘረጋ፣ ሊፈርስ የታሰበ አጥርና ቤት ላይ ቀይ ቀለም እንደሚቀባ በእኛ አገር ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። መጀመሪያ ቀቢው ይመጣል፣ ቀጥሎ ሜትር የሚዘረጋው፣ በመጨረሻ ዶዘሩ። ያን ጊዜ ከአስፓልቱ ዳር የተነሱ ሰዎች ቆርቆሯቸውን በአህያ ጭነው ሶዮማ ዘመዶቻቸው ዘንድ ወርደው ነበርና፣ ሸለቆው ቀይ ቀለምን የሚያውቀው በወሬ አይደለም። አንድ ትምህርትም ወስዷል፤ ቀድሞ ያፈረሰ ቆርቆሮውንና እንጨቱን ያተርፋል፣ ዶዘሩን ቁጭ ብሎ የጠበቀ ግን አፈር ታቅፎ ይቀራል።

ሙለታም ይህን ሁሉ አይቷል። በየቀኑ በእነዚያ አጥሮች ሥር በብስክሌቱ ያልፍ ነበር። ነገር ግን የራሱ ያልሆነ ነገር ዓይኑ ውስጥ ገብቶ አያድርም።

በሁለት ሺህ አስራ አንድ ጥር ላይ ሰሎሜ የምትባል ወጣት ከአዲስ አበባ መጣች። የአንድ ብስክሌተኞች ማኅበር አስተባባሪ ነኝ አለች። አስፓልት ሰልችቶናል፤ ኮረኮንች እንፈልጋለን፣ ጠጠር እንፈልጋለን፣ ጫካና ወንዝ ያለበት፣ በመሃሉም ታሪካዊ መንደሮች ያሉበት ሸለቆ እንፈልጋለን አለች። የአገሩ ሰው ጠጠሩ ይነሳልን፣ አስፓልት ይነጠፍልን እያለ ሲያመለክት ስንት ዘመኑ ነው! እነዚህ ደግሞ አስፓልቱን ሸሽተው፣ ጠጠር ናፍቋቸው መጡ። ሻይ ቤት የተቀመጠው ሁሉ ሳቁን በብርጭቆ ሸፈነ። ሙለታ ብቻ አልሳቀም። ዕድሜ ልኩን ሲጠብቃት የኖረች ሰው የመጣች ነው የመሰለው።

"ሦስት ታሪካዊ መንደር አለ" አላት፤ "ዳንቤ፣ ቦቃ፣ ሶዮማ።"

ዳንቤ ጣልያን የሠራው ግማሽ ድልድይ አለ፤ ሌላውን ግማሽ ወንዙ ወስዶታል። ቦቃ ድንጋዩ የቀረ የውሃ ወፍጮ አለ። ሶዮማ ግን ምንም የለም። ሶዮማ ታሪካዊ የሆነችው ሙለታ ስለተወለደባት ነው።

"ሶዮማ ምን ታሪክ አላት ኦቦ ሙለታ?" አለች ሰሎሜ፣ ስልኳ ላይ ልትጽፍ ጣቷን አዘጋጅታ።

"ስትደርሺ ታዪዋለሽ።"

ልጅቷ በደስታ ፈገግ አለች። እንደሷ ያለ ሰው እንዲህ ያለ መልስ ሲሰጠው ምሥጢር ያለበት ይመስለዋል።

በሙለታ ልብ ውስጥ ግን አንድ ዕቅድ ነበር፤ እኔም ብሆን ይህን አልነሳውም። ብስክሌተኞቹ ሶዮማ ላይ እንዲያርፉ፣ የሚያርፉበትም ግቢ የጉዴ እንዲሆን አስቧል። እሷ እርጎዋንና በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮዋን ታቀርባለች፤ እንግዶቹ ይበላሉ፣ ይከፍላሉ፤ በየወሩ ደግሞ ይመጣሉ። ገበያ ወጥቶም ሰማያዊ አበባ ያለበት የላስቲክ የጠረጴዛ ልብስ ገዛላት። ገዝቶ ምን አደረገው? ሣጥኑ ውስጥ ከአረንጓዴዋ ካናቴራ ጋር ቆለፈበት። ለእሷም አልነገራትም። ለእህት እንዲህ አስቤልሻለሁ ማለት ለሙለታ እጅ መስጠት ነው።

ያ ግቢ ደግሞ ለጉዴ እንዲሁ ግቢ አይደለም። የአባታቸው መሬት ነው፤ በወግ የሚጠራው በወንዱ ልጅ ስም ነው። ትዳሯ ፈርሶ ስትመለስ ሙለታ "ኑሪበት" አላት። ኑሪበት እንጂ ያንቺ ነው አላላትም። ስንት ዓመት ሙሉ ጣራውን ስትጠግን፣ አጥሩን ስታጥር፣ አባታቸው በር ላይ የተከላቸውን ሁለት ጥዶች ስትንከባከብ፣ አንድ ቀን ወንድሟ መጥቶ ውጪ እንዳይላት ትፈራ ነበር። ሌላ መግቢያ የላትም። ልጇ ኤቢሴ ጎጆ ከተማ ድንች ትነግዳለች፤ እሷም የምትኖረው በኪራይ ነው።

ሰሎሜ የመንገድ ምልክት ያስፈልገናል አለች፤ ሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ ስለሌለ ስልክ አያዋጣም። ቢጫ ቢሆን ጥሩ ነው ስትል ሙለታ "ቢጫ የጀሪካን ቀለም ነው" አለና በራሱ ሥልጣን ቀይ ገዛ። በቆርቆሮ ሙሉ ቀይ ቀለም ብስክሌቱ ላይ ጭኖ ወረደ። ዛፍ ሲያገኝ ዛፍ ላይ፣ አጥር ሲያገኝ አጥር ላይ፣ ሁለቱም ሲጠፋ ከመንገድ ዳር ድንጋይ እያነሳ ድንጋዩ ላይ ቀስት እየሳለ ሄደ። ጎንበስ ብሎ ሲቀባ ላየው የመንግሥት ሰው ይመስላል፤ እሱም ያን መምሰሉን አልጠላውም።

ሶዮማ ሲደርስ የጉዴ ጎረቤት ኦሊቃ አጥሩ ሥር አገኘው። ኦሊቃ ከአፉ ጸሎት የማይለይ ገበሬ ነው። ቀለሙን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ያም ሆኖ ባርኔጣውን አውልቆ በወጉ ሰላምታ አቀረበ።

"አካም ቡልታኒ ኦቦ ሙለታ? ፈያ ነዎት? ይሄ ቀለም የምን ይሆን?"

"ታየዋለህ።"

"መቼም እርስዎ ያገር ልጅ ነዎት፣ አይደብቁንም። ሰዎች ይመጣሉ ማለት ነው?"

"ይመጣሉ እንጂ! ከአዲስ አበባ ነው የሚመጡት።"

"ዋቃዮ! ታዲያ እኛስ?"

"እናንተማ ዳር ቆማችሁ ታያላችሁ" አለ ሙለታና ብሩሹን አጣጥቦ ሄደ። አንድም ውሸት አልተናገረም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ወሬው ከእሱ ብስክሌት ቀድሞ ሸለቆውን ዞረ። ዛፉ የተቀባበት ልጣጩን በገጀራ ላጠው። አጥሩ የተቀባበት እንጨቱን ነቅሎ ገልብጦ ተከለው። ድንጋይ የደረሰው ደግሞ ድንጋይ እግር ባይኖረውም እጅ ያለው ሰው እንዳለ አስታወሰ። ሰው ሁሉ ገበያ በወጣበት ቀን ኦሊቃ አሞኛል ብሎ ቀረና ደጁ ላይ የነበረውን ባለቀስት ድንጋይ እያንከባለለ ጉዴ በር ላይ አቆመው። ሲያንከባልል ይጸልይ ነበር ይባላል። ወንድሟ ያመጣው ነገር ነው፣ እሷው ትወቅበት ብሎ ማሰቡ ነው። ይህን አስቦ ከገበያ የቀረ ግን እሱ ብቻ አልነበረም። የላይኛው ሰፈርም አሰበ፣ የወንዙ ማዶም አሰበ። ማንም ለማንም አልተናገረም፤ ሁሉም ለየብቻው ድንጋዩን እያመጣ ጉዴ በር ላይ ጣለ። ጉዴ ከገበያ ስትመለስ በሯ ላይ ቀይ ድንጋይ ተኮልኩሎ አገኘች። ከሁለቱ ጥዶች በአንዱ ላይ ደግሞ ሙለታ በገዛ እጁ የሳለው ትልቁ ቀስት ወደ ቤቷ ያመለክታል።

ማክሰኞ ዕለት በእግሯ አምቦ ወጣች። ለወንድሟ አይብ በኮባ ጠቅልላ ይዛለታለች። መናኸሪያው ፊት ለፊት ባለው ሻይ ቤት በረንዳ ላይ አገኘችው፤ ከሰሎሜና ከሁለት ጎልማሶች ጋር ተቀምጦ ስለዚያ ውድድር ያወራል። ጉዴ የላስቲክ ጫማዋ በጭቃ እንደተለወሰ ደረጃው ሥር ቆመች። ሙለታ አያት። አይቶ እንዳላየ ሆነ። እሷ ግን በዚህ አትመለስም፤ ያዘለችው ልጅ ነው።

"ሙሌ።"

"ምነው እቴ? ዛሬ ምን አመጣሽ?"

"ድንጋዩ በደጄ ሞላ። ይሄ ቀለም የኔ ነው ወይ?"

ቤቱን ሸጥከው ወይ ልትል ነበር የመጣችው። በእንግዳ ፊት ወንድሟን እንዲህ ብላ ልትጠይቅ አፏ እንቢ አላት። ሙለታ ደግሞ ድንጋዩ ሞላ የሚለውን ጆሮው ውስጥ አላስገባውም። እሱ የሚያየው ጭቃዋን ነው።

"ስለማታውቂው ነገር ምን ያስጠይቅሻል? ቅዳሜ ታዪዋለሽ።"

"ቅዳሜ ነው እንዴ?"

"ቅዳሜ ነው። ብዙ ሰው ነው የሚመጣው። ዕቃሽን ከግቢው አንሺና ባዶ አድርገሽ ጠብቂ።"

ጉዴ አይቡን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀምጣ፣ እንግዶቹን እጅ ነስታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። ሰሎሜ በዓይኗ ሸኘቻትና "ማን ናቸው ኦቦ ሙለታ?" አለች።

"ከገጠር የመጣች ዘመድ ናት" አለ።

ዘመድ! ጀርባዋ ላይ ያደገ ሰው እንዲህ አለ። በዚያ በረንዳ ላይ ብኖር አይቡን አንስቼ ፊቱ ላይ ብደፋው ደስታዬ ነበር።

ሰሎሜ ከቅዳሜ በፊት ወርደን ምልክቱን እንየው ወይ ስትለው "እኔ የቀባሁት አይጠፋም" አላት። ሐሙስና ዓርብን ብስክሌቱን ሲያጥብና ካናቴራውን ሲያስተኩስ አሳለፈ።

ቅዳሜ ጧት ብስክሌተኞቹ በሁለት ሚኒባስ መጡ። ቂጡ ላይ ስፖንጅ የተሰፋበት፣ ገላ ላይ የተለጠፈ ቁምጣ ለብሰዋል፤ የአምቦ ሴቶች ፊታቸውን አዞሩ፣ አዙረውም በጣታቸው መሃል አዩ። ብስክሌቶቻቸው ደወል የላቸውም፣ ጭቃ መከላከያ የላቸውም፣ ከኋላ አንዲት የጤፍ ከረጢት የሚያሳርፉበት መጫኛ የላቸውም። ምኑን ብስክሌት ሆነ? ሙለታ አረንጓዴ ካናቴራውን ሆዱ ላይ ወጥሮ፣ የተጠቀለለውን የጠረጴዛ ልብስ ከኋላ አስሮ ከፊት ቆመ። ይህ ቀን የእሱ ነው። ዛሬ ሶዮማ ማንን እንደወለደች ታያለች።

መሪነቱ እስከ መጀመሪያው ቁልቁለት ድረስ ቆየ። እዚያ ሲደርሱ ሁሉም እንደ ውሃ በግራና በቀኙ ፈሰው አለፉት። "በርቱ ፋዘር!" ያለውም አለ። እልህ ይዞት ፔዳሉን ቢረግጠው ሰንሰለቱ ወለቀ። ጫካው ውስጥ ብቻውን፣ እጁ በግራሶ ተለውሶ፣ ጉሬዛዎቹ ከዝግባው ላይ ቁልቁል እያዩት ቀረ።

ሰንሰለቱን መልሶ ጥቂት እንደሄደ ቀስት የሳለበትን ዋንዛ አገኘው። ልጣጩ የለም። ቀጥሎ ያለውም ተልጧል። "ገበሬ! ለማገዶ ላጡት" ብሎ ተሳደበ። ድንጋዮቹ ግን ለማገዶ አይሆኑም፤ እነሱም የሉም። ዳንቤ ግማሹ ድልድይ ጋ አንዲት ሴት ልብስ ታጥባለች። ሙለታ ከስንት ዘመን በኋላ ሰው ለመጠየቅ ከብስክሌቱ ወረደ።

"ብስክሌተኞቹን አይተሻል?"

"አይቻለሁ። ገሚሶቹ የሰው ገብስ ውስጥ ገብተው ነበር፣ ወይ ጉድ! ቀስት ያለበት ቀለም የት ነው ብለው ጠየቁን። ቀለሙ ሁሉ ሶዮማ፣ እህትዎ ደጅ ነው አልናቸው።"

"ሁሉ?"

"አዎ፣ ሁሉም። ሰው ሁሉ እዚያ ወስዶ ጣለው እኮ።"

ያን ጊዜ ሙለታ ማክሰኞ ዕለት የሰማው ነገር ጆሮው ውስጥ ገባ። ድንጋዩ በደጄ ሞላ። እሷ ደጅ የቀባው አንድ ጥድ ብቻ ነበር እኮ! ብስክሌቱ ላይ ተንጠልጥሎ ቦቃን እንዴት እንዳለፋት አያውቅም። እየጋለበ "እቴ፣ እቴ" ይል ነበር።

ሶዮማ ደረሰ። ብስክሌተኞቹ በሙሉ ጉዴ ግቢ ውስጥ ናቸው። ቤት ግን የለም። ቆርቆሮው ተነስቷል፣ ምሰሶውና ማገሩ ተነቅሏል፤ ጭቃው ወገቡ ድረስ ቆሞ ቀርቷል። ምድጃው ሰማይ ሥር ተጋልጧል። ሁለቱ ጥዶች ከሥራቸው ተቆርጠዋል፤ ጉቶው ገና ሙጫ ያነባል። ቀይ ድንጋዮቹ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች፣ አንዱ ወደ ምድር እያመለከተ በሩ ላይ ተከምረዋል። አንዱ ባለ ቁምጣ ምድጃው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሙዝ ይልጣል። ሌሎቹ ፎቶ ይነሳሉ።

"ይሄ የጣልያን ይመስለኛል" ይላል አንዱ።

"የለም፣ ከዚያ በፊት ነው። ግድግዳውን አላየኸውም?" ይላል ሌላው፣ ያወቀ መስሎት።

ሰሎሜ ፊቷ በደስታ በርቶ ወደ ሙለታ ሮጠች። "ኦቦ ሙለታ፣ ለካ ምሥጢር አድርገው የያዙት ለዚህ ነው! በጣም ያምራል። ፍርስራሹ የየትኛው ዘመን ነው?"

ሙለታ ወደ አጥሩ ዞረ። ኦሊቃ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ አጥሩ ጥግ ቆሟል።

"ኦሊቃ፣ እህቴ የት ናት?"

"ጎጆ፣ ኤቢሴ ዘንድ ነው የሄደች። ሐሙስ ዕለት ደቦ ወጥተን አፈረስንላት። ማንም አልቀረም፣ መንደሩ በሙሉ ወጣላት። ዶዘሩ ሳይመጣ ቆርቆሮዋን እንድታተርፍ ብለን ነው። ዛፉንም ቆርጠን ጫንላት።"

"የምን ዶዘር?"

"እርስዎ ቀቡት እንጂ እኛ ምን እናውቃለን። ቅዳሜ ይመጣሉ፣ ባዶ አድርጊው አለኝ ብላ ነገረችን። ስታለቅስ ዋለች።"

"የብስክሌት መንገድ ማሳያ ነው እኮ! ለጨዋታ ነው!"

"ታዲያ መቼ ነገሩን ኦቦ?" አለ ኦሊቃ። "ጠየቅንዎ እኮ።"

ያው ኦሊቃም ንጹሕ አይደለም። ድንጋዩን አንከባልሎ ያመጣው እጁ ነው ሐሙስ ዕለት መዶሻ ይዞ ለእርዳታ የወጣው። መንደሩ ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ቀለሙን በሯ ላይ ጣሉባት፣ ከዚያ አዘኑላትና ቤቷን በደቦ አፈረሱላት። ግን በዚያች ሰዓት አንዱም ሙለታን ቀና ብሎ ለማየት አላፈረም፤ ያፈረው ሙለታ ነው።

ሰሎሜ ምንም አልሰማችም፤ ጥያቄዋን ደገመችለት። "የየትኛው ዘመን ነው ኦቦ ሙለታ?"

"የሐሙስ ነው" አላት።

የቀለደ መስሏት ሳቀች። እሱ ግን አልሄደም፤ ቆሞ ነገራት። ይህ የአባቴ ቤት ነው፣ ሐሙስ የፈረሰ ነው፣ ያፈረስኩት እኔ ነኝ፣ ማክሰኞ አይብ ያመጣችልን እህቴ ናት አላት። ሙዝ የሚልጠው ሰውዬ ከምድጃው ላይ ቀስ ብሎ ተነሳ። ፎቶ የሚነሱትም ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

ወደ ጎጆ የሚወስደው ዳገት ለብስክሌት አይሆንም። ሙለታ ብስክሌቱን እየገፋ ወጣ። ብርዱ በካናቴራው ውስጥ ገብቶ አጥንቱን ይነካዋል። በግ የሚነዳ፣ ገብስ የጫነ፣ መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ "ኦቦ ሙለታ፣ በዚህ ብርድ ወዴት ነው?" ይለዋል። ለሁሉም ቆሞ መለሰ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ቀለሙንም ድንጋዩንም ሳያስቀር። ከመጠን በላይ ከመመለሱ የተነሳ አንዳንዱ መሄድ እየፈለገ እግሩን ያፈራርቅ ነበር። አምቦ ያለነው ይህን በወሬ ስንሰማ አላመንንም።

ጉዴ ኤቢሴ ከተከራየችው ክፍል በር ላይ፣ ጋቢ ተከናንባ ድንች ትመርጣለች። ቆርቆሮዋ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሙለታ ብስክሌቱን ጥሎ እግሯ ሥር ቁጢጥ አለና ሁሉን ነገራት፤ ቀስቱን፣ እንግዶቹን፣ እርጎዋን፣ ጭኮዋን። የጠረጴዛውን ልብስ ፈትቶ ጭኗ ላይ ዘረጋላት። ጉዴ ሰማያዊውን አበባ በጣቷ ዳሰሰችው።

"እርጎ ልታሸጠኝ ነበር?"

"አዎ እቴ።"

"ይህችን ማለት አቅቶህ ነው?"

ሙለታ በግራሶ የተለወሰ እጁን አረንጓዴ ካናቴራው ላይ ጠረገ።

"መሬቱ ያንቺ ነው" አለ። "ድሮም ያንቺ ነበር። ቤቱን መልሼ እሠራልሻለሁ። ድንጋዩን በሙሉ እኔው እጥልልሻለሁ። ትመለሻለሽ አይደል?"

ጉዴ የጠረጴዛውን ልብስ አራት ላይ አጠፈችና ብብቷ ሥር አደረገችው። ያሳደገችውን ሰው ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ጠጉሩ ተመለከተችው።

"ታየዋለህ" አለችውና ድንቿን ወደ መምረጥ ተመለሰች።